ለእናቴ ያልነገርኩት ዳሌ

የወደቅኩት ከሦስት ደረጃ ላይ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ አሁንም አፍራለሁ። በግንባታ ላይ የሚሠሩ የአገሬ ልጆች ከሦስተኛ ፎቅ ወድቀው ሲተርፉ አይቻለሁ፤ እኔ ግን ከወጥ ቤት ወደ ጓሮ በሚያወርዱት ሦስት ደረጃዎች ላይ፣ ያውም ራሴ ሳሙና አፍስሼ እያጠብኳቸው፣ ተንሸራትቼ ዳሌዬን ሰበርኩ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ባልዲው እንኳን አልተደፋም። ሰው ድረሱልኝ ብዬ ከመጮኼ በፊት ያደረግኩት ነገር ቢኖር ቀሚሴን ወደ ጉልበቴ መሳብ ነው፤ አይ የሴት ነገር!

ቤቱ ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ነው። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ሐጂያ ናቸው፤ ሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ድሬዳዋ ያደጉ ሶማሌ ስለሆኑ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ ይፈጥናል፤ ሲናደዱ ደግሞ "አቦ!" ይላሉ። ልጆቻቸው ሁሉም ውጭ አገር ናቸው። በቤቱ ውስጥ ያለነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምግባቸውን ሠርቻለሁ፣ ልብሳቸውን አጥቤያለሁ፣ ተጣልቼያቸዋለሁ፣ ታርቄያቸዋለሁ።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አሳየኝ። የጭኔ አጥንት አናት፣ ዳሌ ውስጥ የሚሽከረከረው ኳስ የሚመስለው ነገር፣ ከአንገቱ ተቀንጥሷል። በሶማሊኛ ተናገረ፣ ሐጂያ ተረጎሙ፤ ይሄ አይጠገንም፣ አውጥተን በብረት እንቀይረዋለን ነው የሚለው።

"ብረቱ አይዝግም ወይ ብለው ይጠይቁልኝ" አልኳቸው።

"አንቺ ነሽ እንጂ የምትዝጊው" አሉኝና ጥያቄውን ሳይተረጉሙት ቀሩ።

ኦፕራሲዮን ከመግባቴ በፊት በነበረው ቀን ለእናቴ ደወልኩ። እናቴ ከወልዲያ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ ከታናሽ እህቴ ጋር ነው የምትኖረው። ሁልጊዜ የምደውለው እሁድ እሁድ ነበር፤ ያ ቀን ግን ማክሰኞ ነው።

"ምነው በማክሰኞ? ምን ሆንሽ?" አለችኝ ገና ሃሎ ሳልል።

"ምን እሆናለሁ፤ ናፍቀሽኝ ነው።"

"ድምፅሽ ራቀብኝ።"

"ጋደም ብዬ ነው። ሥራ ጨርሼ አረፍ ብያለሁ።"

"እሰይ! እረፊ የኔ ልጅ። ደህና ነሽ አይደል?"

"ደህና ነኝ እማዬ።"

እኛ ቤት እንዲህ ነው። በሽታን በስልክ መናገር ጭካኔ ነው። አባቴ ስምንት ወር አልጋ ላይ ሲማቅቅ እኔ የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። እህቴ ሆዷ ተቀዶ ስትወልድ የነገሩኝ ልጁ ጥርስ ሲያወጣ ነው። ሰው አገር ያለ ሰው ከመደንገጥ በቀር ምን ይፈይዳል ይባላል፤ አገር ቤት ላለች አሮጊት እናት ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። ስለዚህ ልንገራት አልንገራት ብዬ እንኳን አላሰብኩም። ስድን ራሴ ሄጄ፣ ፊቷ ወዲያ ወዲህ እየተራመድኩ እነግራታለሁ፤ ያኔ ትቆጣኛለች፣ ከዚያ ትስቃለች አልኩ። ሐጂያ አጠገቤ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

"ውሸታም" አሉኝ ስልኩን ስዘጋው።

ብረቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሰውነቴ የእኔ መሆኑ ቀረ። በሳምንት ሁለት ቀን እግሬን የምታለማምደኝ ፊዚዮቴራፒስት እቤት ድረስ ትመጣልኛለች፤ ጅግጅጋ ያደገች፣ በአርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ሳቅ የሚባል ነገር ያልፈጠረባት ሴት። በመጀመሪያው ቀን አልጋዬ ጫፍ ላይ ቆማ ሕጉን አነበነበችልኝ።

"ከወገብሽ አትጎንበሺ። እግርሽን አታነባብሪ። ስትቀመጪ ጉልበትሽ ከዳሌሽ በላይ አይውጣ። እግርሽን ተክለሽ ሰውነትሽን አትጠምዝዢ። በጎንሽ አትተኚ።"

"ልሙት ታዲያ?"

"እሱም አይፈቀድም" አለች፣ ፊቷ ሳይፈታ።

ለካ ኑሮዬ ሁሉ መሬት ላይ ነበር። ሽንኩርት የምልጠው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ልብስ የማጥበው ሳፋ ላይ አጎንብሼ ነው። የእኔ ሽንት ቤት ደግሞ ቁጢጥ ተብሎ ነው። ሐጂያ አናጢ አስጠርተው የፕላስቲክ ወንበር መሃሉን አስቀደዱልኝና ቀዳዳው ላይ አስቀመጡት፤ አልጋዬንም በብሎኬት ከፍ አስደረጉት። በሁለት እግሮቼ መሃል ትራስ ታስሮ በጀርባዬ ተጋድሜ ጣሪያ አያለሁ። ማንኪያ ከእጄ ከወደቀ ወደቀ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ማንሳት የለም። ጫማዬን የሚያጠልቁልኝ ሐጂያ ናቸው፣ እሳቸውም ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ እያጉረመረሙ። ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኳቸው ሰው ሻሂ አፍልተው ሲያመጡልኝ እንዴት እንደሚያሳፍር! "ስኳሩ በዛ" እላቸዋለሁ፣ አመሰግናለሁ ማለት አቅቶኝ። "ጠጪ አቦ!" ይሉኛል።

ባለ አራት እግሩን መደገፊያ ይዤ መጀመሪያ እስከ ክፍሌ በር ሄድኩ። ልብስ ሳጥብ በማላውቀው ሁኔታ በላብ ራስኩ። ወዲያው ቀጥሎ ወጥ ቤት፣ ከዚያ ጓሮው። የወደቅኩባቸውን ሦስት ደረጃዎች ለመውረድ ሳምንት ፈጀብኝ። ስትወጪ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርጂ የታመመው ይቅደም ትለኛለች፤ እኔ እየተምታታብኝ መሃል ላይ ቆሜ እቀራለሁ። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጨብጬ እግሬን ወደ ጎን አነሳለሁ፣ አስር ጊዜ፣ ከዚያ ሌላ አስር ጊዜ። እግሬ ከሰው እግር ይከብዳል። በሦስተኛው ሳምንት ከግቢ ወጣሁ። የሐምሌ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ፊቴ ላይ ሲበትነው፣ የሰፈሩ ፍየሎች መንገዱን ይዘው አንነሳም ሲሉኝ፣ በክራንች እስከ ጥግ ያለው ሱቅ ደርሼ ተመለስኩ። ያን ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገነችኝ።

"በዚሁ ከታዘዝሽ ከሁለት ወር በኋላ ረጅም መኪና ትሳፈሪያለሽ" አለችኝ።

ቆጠርኩ። ለመስቀል እናቴ ጋ ነኝ ማለት ነው። ልቤ እንዴት እንደዘለለ!

በአራተኛው ሳምንት እሁድ ስደውል የእናቴ ስልክ አልሠራም። የእህቴም አልሠራም። ሰኞም፣ ማክሰኞም። ወሬውን ያመጡልኝ ዋሄን ገበያ የሚሠሩ ሁለት የአገሬ ሴቶች ናቸው፤ ከቅዳሜ ሥራቸው በኋላ ሊጠይቁኝ መጥተው። የሰሜኑ ጦርነት እነ እናቴ ጋ ደርሷል። ከተማዋ ተይዛለች። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ መንገድ የለም። አንደኛዋ ሰው ሁሉ ሸሽቷል ስትል፣ ሌላኛዋ የለም አልሸሸም፣ ሽማግሌና አሮጊት ቀርቷል አለች። እናቴ ሰማንያ አልፏታል። የት ትሸሻለች? በማን ጀርባ? እንቅልፍ ጠፋ፣ ምግብ አልወርድ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። መንገዱ በተከፈተ ዕለት በገዛ እግሬ ወጥቼ መሄድ።

በዚያ ሰሞን ሐጂያ አጠገቤ መጥተው መቀመጥ አበዙ። እሳቸው የዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ እዚሁ ነበሩ። ልጆቻቸውን ይዘው በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሲወጡ እናታቸው ቤቴን ለማን ትቼ ብለው ቀሩ።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ወሬ የለም" አሉኝ። "ስመለስ ቤቱም የለ፣ እሷም የለች። አላህ ይርሐማት።"

ወዲያውም ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ መንገር ነበረብሽ። እናት ልጇ እንዴት እንዳለች ማወቅ አለባት።"

"አሁን በምን ስልክ ልንገራት?"

"ሲከፈት ንገሪያታ! ወላሂ ንገሪያት።"

"እሺ" አልኳቸው፣ ዝም እንዲሉልኝ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባች። እዚህ የምንሳለመው ቤተ ክርስቲያን የለንም፤ እኔ የምጸልየው በቁም ሳጥኔ በር ውስጠኛው ገጽ ላይ በለጠፍኳት የእመቤታችን ሥዕል ፊት ነው። ሐጂያ ያውቃሉ፤ እንደማያውቁ ሆነው ነው የሚኖሩት። እንግዲህ እኔ በጾሙ በየቀኑ ስለ እናቴ አርባ አንድ ስግደት ልሰግድ ተሳልኩ። ታማሚ እንደማይሰግድ አጥቼው አይደለም። የንስሐ አባቴ ጋ ብደውል ተቀምጠሽ ጸልዪ፣ አምላክ ያውቃል እንደሚሉኝ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ያልደወልኩትም ለዚሁ ነው።

ሐጂያ በጉልበታቸው ምክንያት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚሰግዱት። "የእኔ አላህ ወንበሬን ይቀበላል፤ የአንቺው አይቀበልም እንዴ?" ብለውኝ ነበር፣ ስለ ጾሙ ስናወራ። ነገሩ ከነከነኝ። እናቴ በጥይት መሃል፣ እኔ በትራስ መሃል! ተቀምጦ እናቴን አውጣልኝ ማለት ልመና አልመስል አለኝ። ሰውነቴ ካልተሰበረ የሚሰማኝ የለም ብዬ አሰብኩ፤ ሰውነቴ መሰበሩን ረስቼ። ቂል!

በመጀመሪያው ቀን አልጋዬን ጨብጬ ሦስት ጊዜ ብቻ በግማሽ ዝቅ አልኩ። ምንም አልሆንኩም። በማግስቱ አስር። "ኧረ ሰዎቹ አጋነኑት!" አልኩ። ቀስ በቀስ ጉልበቴ ምንጣፉን ነካ፣ ከዚያ እጄ፣ ከዚያ ግንባሬ። በመካከሉ ፊዚዮቴራፒስቷ መጥታ እግሬን አጥፋ ዘርግታ ለካችና "ጎበዝ፣ ሕጉን ጠብቀሻል" አለችኝ። ዓይኗን ማየት ከበደኝ። ግን አላቆምኩም። ስሰግድ ቢያንስ ለእናቴ አንድ ነገር እያደረግኩላት ነው፤ ስተኛ ግን ምንም።

በሰባተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሐጂያ ዙሁር ሊሰግዱ ሳሎን ገብተው ነበር። ሃያ ምናምን ደርሻለሁ። ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ ከውስጤ ጓ! የሚል ድምፅ ወጣ። ሕመሙ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። እንዲህ ያለ ሕመም በሕይወቴ አላውቅም፤ ስሰበርም እንዲህ አልነበረም። እግሬ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ አጥሮ፣ የሌላ ሰው እግር መስሎ ታየኝ። ጮህኩ።

ሐጂያ መጡ። "ያ አላህ! ያ አላህ!" እያሉ አጠገቤ መሬት ላይ ወረዱና ራሴን ጭናቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ መነሳት አቃታቸው፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ስልኩ ሳሎን ነው። ሁለት ሴቶች አንድ ምንጣፍ ላይ፣ አንዷ የወለቀች፣ አንዷ የታሰረች።

"አቦ አንቺ ሴት፣ ሁለታችንንም ልትጨርሺን ነው!" እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ በዚያ ሁሉ ሕመም መሃል ሳቄ መጣ። እሳቸውም ሳቁ፣ ከዚያ እንደገና አለቀሱ። የዳንነው ውኃ የሚያመጣልን ሰውዬ የጓሮውን በር ሲያንኳኳ ነው።

ሆስፒታል በማደንዘዣ አስተኝተው ብረቱን መልሰው ከቱልኝ። ስነቃ ፊዚዮቴራፒስቷ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች።

"ምን አድርገሽ ነው?"

"አዳለጠኝ።"

ግንባሬን አየች። የምንጣፉ ክር ግንባሬ ላይ ታትሞ ቀርቶ ኖሯል።

"ስለ ማን ብለሽ ነው?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ስለ እናቴ።"

"እናትሽ ጋ የሚያደርስሽ ይሄ እግር ነበር" አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከወገቤ እስከ ጭኔ ጠንካራ ቀበቶ አሰሩልኝና ሁሉንም ነገር ከዜሮ ጀመርኩ። ትራሱ፣ ቀዳዳው ወንበር፣ እስከ በር፣ እስከ ወጥ ቤት። አሁን ግን እንደ መጀመሪያው አልነበርኩም፤ እግሬን አላምነውም። ስቆም ይወጣል፣ ስዞር ይወጣል እያልኩ ልቤ ተሰቅሎ ነው የምራመደው። ጸሎቴንም ተውኩት ማለት ይቻላል። የቁም ሳጥኑን በር ስከፍት ልብሴን ብቻ አውጥቼ ቶሎ እዘጋዋለሁ። እመቤታችንን አኩርፌያት ነበር፣ እውነቱን ልናገር። መስቀል በዚህ አለፈ። የአገሬ ሴቶች መጥተው እንኳን አደረሰሽ አሉኝ፤ እንኳን አብሮ አደረሰን ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ጥቅምት ላይ ሳሎን ከፍ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። ሦስት ወር ሙሉ ያን ጩኸት ስጠብቅ ነበር። ስልኩ ከኋላዬ መስኮቱ ጋ ነው። እግሬን ሳላነሳ በወገቤ ዞርኩ። ያው ድምፅ፣ ያው ሕመም። ወለቀ። የደወለው ሰው ቁጥር ተሳስቶ ነው።

በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። አንዴ መውጣት የለመደ በራሱ አይረጋም፣ እንደገና ከፍተን ከፊሉን እንለውጣለን አለ። ኅዳር ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተቀደድኩ። ከዚያ አስራ ሁለት ሳምንት፣ ቀበቶ፣ ረጅም መኪና ክልክል። "ከየካቲት በፊት ጉዞ የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ" አለችኝ ፊዚዮቴራፒስቷ። ጎንበስ ብዬ ባልሰግድ ኖሮ ይሄኔ አንድ ክራንች ጥዬ ነበር። ይህን እሷ አላለችም፤ እኔው ነኝ ቀንና ሌሊት ለራሴ የምለው።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ስልኩ ተከፈተ። እህቴ ነች።

"አለን!" አለች። ሁለታችንም ስልኩ ላይ አለቀስን። ከዚያ እናቴን ሰጠችኝ። የእናቴ ድምፅ ቀጥኖ ነበር፤ ግን እሷ ነች፣ ራሷ።

"አለሽልኝ?" አለችኝ።

"አለሁ እማዬ፣ አለሁ። አንቺስ? ምን በላሽ? የት ተደበቅሽ?"

"እሱን ተይው፤ ሲገናኙ ነው የሚወራው። መንገዱ ተከፍቷል አሉ እኮ። የጎረቤታችን ልጅ ከጅቡቲ መጣ፤ እነዚያ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጡ። አንቺ ለጥምቀት ትደርሻለሽ?"

ሐጂያ በሩ ላይ ቆመው በእጃቸው "ንገሪያት፣ ንገሪያት" ይሉኛል። አፌን ከፈትኩ። አምስት ወር በጥይት መሃል ከርማ የወጣች አሮጊት፣ ልጅሽ ሁለት ጊዜ ተቀድዳ፣ ሁለት ጊዜ ወልቃ፣ በቀበቶ ታስራለች ልበላት? ደንግጣ ብትሞትብኝስ?

"ሥራ አልለቅ ብሎኝ ነው እማዬ" አልኩ። "ሴትዮዬ ታመዋል። ጥዬያቸው መውጣት አልቻልኩም። ለየካቲት እመጣለሁ።"

ከእናቴ ጀርባ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

"ሴትዮዋ ልጅ የላቸውም?" አለችኝ።

"ውጭ አገር ናቸው።"

"እንዲያ ነው" አለች።

ስልኩን ስዘጋ ሐጂያ አሁንም በሩ ላይ ናቸው። "በእኔ አሳበብሽ?" አሉኝ። መልስ አልጠበቁም። ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ፤ ያን ቀን ሻሂ አልመጣልኝም።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ እደውላለሁ። እህቴ ታነሳለች። "ደህና ናት፣ ትንሽ ብርድ መትቷት ነው።" ሌላ ቀን፣ "ተኝታለች፣ አልቀስቅሳት።" ሌላ ቀን፣ "ጸበል ሄዳለች።" እኔም አመንኩ። በዚያው ቋንቋ ስናገር የኖርኩ ሴት፣ ተኝታለች ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማውቅ ሴት፣ አመንኩ። ማመን ፈልጌ ነዋ! እግሬን ብቻ ይዤ ነበር። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጨብጬ አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። አንድም ሕግ አልጣስኩም። ጥምቀት ባለፈ ሳምንት ከሐጂያ ጋር በሁለት ክራንች ዋሄን ገበያ ጫፍ ደረስኩ፤ ጋሪ ገፊዎቹ እየጮኹ ሲያልፉ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ፣ አሳለፍኳቸው፣ በእግሬ ተመለስኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ ሰምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። "ሦስት ሳምንት ቀረሽ" አለችኝ። ሻንጣዬን ከቁም ሳጥን አናት ላይ አስወረድኩ።

ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ማለዳ፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ ሁለቱ የዋሄን ሴቶች መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የለበሱት። አንደኛዋ ክራንቼን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ሁለተኛዋ ከኋላዬ ቆመች። ሐጂያም ራሳቸውን ተከናንበው በሩ ላይ አሉ። ቀድሞ ተነግሯቸው ኖሯል። ማን ብዬ አልጠየቅኩም።

ሰው እናቱ ስትሞት መሬት ነው የሚወድቀው። እኔም ልወድቅ ነበር። ሁለቱ ሴቶች በሁለት በኩል ይዘውኝ "ዳሌሽ! ዳሌሽን!" እያሉ ይጮኻሉ። ተንከባልዬ ማልቀስ ቀርቶ ጎንበስ ብዬ ፊቴን መያዝ አልቻልኩም። እናቴን ቆሜ፣ ቀበቶ ታጥቄ አለቀስኳት። ሲደክመኝ ከፍ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ለቀስተኛ ሁሉ መሬት ተቀምጦ እኔ ከላይ።

በሦስተኛው ቀን ለእህቴ ደወልኩ። አዝኜ ሳይሆን ዓይኔ ደም ለብሶ።

"ብርድ ነው አላልሽኝም? ተኝታለች አላልሽኝም? ለምን አልነገርሽኝም? በቃሬዛም ቢሆን እመጣ ነበር እኮ!"

"እንዳትደነግጪ ብዬ ነዋ!" አለች እያለቀሰች። በጦርነቱ ወራት የደም ግፊት መድኃኒቷ አልቆ ግማሽ ጎኗ ሰንፎ እንደነበር፣ ስልክ ስታናግረኝም ትራስ አስደግፈዋት እንደነበር ያን ጊዜ ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "ደግሞስ ብነግርሽ ትመጪ ነበር? መንገዱ ከተከፈተ ወር አለፈው። የፈለገ መጣ። ሥራ ይበልጥብኛል ላለ ሰው ምን ልንገር?"

ያኔ ነገርኳት። ደረጃውን፣ ብረቱን፣ ስግደቱን፣ ሁለት ጊዜ መውለቁን፣ ሁለተኛውን ኦፕራሲዮን፣ ቀበቶውን። "ዳሌ? የምን ዳሌ?" አለች መጀመሪያ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"አንድ ቃል" አለች ስጨርስ። "አንድ ቃል ብትነግሪን ምን ነበረበት? እሷ እኮ..."

"እሷ ምን?"

"ተይው በቃ።"

"ንገሪኝ! ከእንግዲህ ወዲህ ማንም ምንም እንዳይደብቀኝ!"

እህቴ ክፉ ሰው አይደለችም። እኔው አስገድጃት ነው የተናገረችው። ሰው እናቴን ልጅሽ ከሐርጌሳ አልመጣችም ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ "ያለችባቸው ሴትዮ ታመውባት ነው፤ የኔ ልጅ ታማሚ ጥላ አትወጣም" ትል ነበር። በኩራት ነው የምትለው። ሰዉ ሲወጣ ግን ለእህቴ፣ "ለሰው እናት ስትደርስ ለእኔ ጠፋች" ትላት ነበር። መጨረሻ ላይ መናገር እስኪያቅታት ድረስ ይህንኑ ትል ነበር።

አሁን ያለ ክራንች እሄዳለሁ። ሐኪሙ ራጁን አይቶ ደስ ብሎታል፤ ፊዚዮቴራፒስቷም መምጣት አቁማለች። እናቴ ግን ስለዚህ እግር አንድ ቃል ሳትሰማ፣ የሌላ ሰው እናት አስታምማ የራሷን የተወች ልጅ እናት ሆና ተቀበረች።